አያትዎ መርከብ ያላዩበት ወደብ

ጥያቄው፦ «አያቴ በወጣትነታቸው ከጎሬ ቡና እያስጫኑ ‹የእንግሊዝ ጋምቤላ› ይወርዱ እንደነበር ይተርኩልን ነበር። መርከብ የሚመጣበት ወደብ ነው ይሉናል እንጂ መርከቡን አንድም ቀን በዓይናቸው አላዩትም። አራት አምስት ጊዜ ወርዶ አንዴ እንኳ አለማየት እንዴት ይሆናል? ደግሞስ ጋምቤላ የእኛ መሬት ከሆነች እንግሊዝ እዚያ ምን ይሠራ ነበር? ምኒልክ ሸጧት የሚሉም አሉ። ከተማዋን ማን ያስተዳድራት፣ ሰውስ እንዴት ይኖርባት ነበር?»

ምላሽ፦

ከአያትዎ ልጀምር፤ በቤተሰቡ መካከል ያለ ጥፋታቸው የተጠረጠሩ መስሎ ታይቶኛልና። ጋምቤላ ወርደው መርከብ አለማየታቸው መውረዳቸውን አያስተባብልም። እንዲያውም የሚያረጋግጠው እሱ ነው። በወረድሁ ቁጥር መርከቡን አየሁት ቢሉ ኖሮ እኔም እጠራጠር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ደርቆና ተፈልፍሎ ለጭነት የሚደርሰው በበጋ ነው፤ መንገዱም ለአጋሰስ የሚመቸው ያን ጊዜ ነው። በክረምት ከጎሬ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም ቁልቁለቱን ወደ ቆላው ጭነት ይዞ መውረድ ጭቃ ውስጥ መሰንበት ነበር። የባሮ ወንዝ ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። እንፋሎት መርከብ የሚሸከመው ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል፣ በግምት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ብቻ ነው። በጋው ሲገባ ውኃው ይሸሻል፣ የአሸዋው ጀርባ ይወጣል፣ ሰው በእግሩ የሚሻገርበት ቦታ ይበዛል። ስለዚህ ቡና የሚመጣበት ወቅትና መርከብ የሚመጣበት ወቅት አይገናኙም። አያትዎ ቡናቸውን አራግፈው፣ ጨው አስጭነው ዳገቱን ሲመለሱ መርከቡ ማላካል ወይም ካርቱም ቆሞ ዝናብ ይጠብቅ ነበር።

ይህንን አንድ ነገር ከያዙ ስለ ከተማዋ የጠየቁኝ ሌላው ሁሉ ከሞላ ጎደል በራሱ ይፈታል። ጋምቤላ መጋዘን የሆነችው፣ ብድር የበዛባት፣ ሹሟም ግማሹን ዓመት ከዓለም ተቆርጦ የሚከርመው በዚሁ ምክንያት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ «ሸጧት» ልለፍ። አልተሸጠችም፤ ተከራየች። የተከራየውም ዛሬ ጋምቤላ ክልል የምንለው አገር ሳይሆን በወንዙ ዳር ያለ አንድ ቁራሽ መሬት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን የሱዳንን ድንበር የሚወስን ውል ተፈራረሙ። ስለ ዓባይ የሚከራከር ሁሉ የዚህን ውል ሦስተኛ አንቀጽ ይጠቅሳል፤ ጣናን፣ ጥቁር ዓባይንና ሶባትን (ባሮ ሱዳን ገብቶ የሚጠራበትን ወንዝ) የሚመለከተው እሱ ነው። አራተኛውን ያነበበ ግን ጥቂት ነው። አራተኛው አንቀጽ ባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ የወንዝ ዳር ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር ያልበለጠ ቦታ ተመርጦ ለሱዳን መንግሥት እንዲከራይ፣ የንግድ ጣቢያ ሆኖም እንዲተዳደር ይፈቅዳል። የኪራዩ ዘመን በዓመት አልተቆጠረም። «ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ» የሚል ነው። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውልም በግልጽ ተጽፏል። አንቀጹ ውስጥ የኪራይ ዋጋ አልተጠቀሰም፤ ስለ ውሉ ሳስተምር ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚገረሙት በዚህ ነው።

400 ሄክታር በአባቶቻችን መለኪያ 10 ጋሻ ነው። አንድ መካከለኛ ባለ ርስት ሊይዘው የሚችል መሬት ማለት ነው። የወንዙ ዳር ሁለቱ ሺህ ሜትር ሙሉ በሙሉ ቢያዝ ከውኃው ተነስቶ ወደ ኋላ ሌላ ሁለት ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው የሱዳንን መንግሥት ጨርሶ የምኒልክ አገር ይገባል። ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። «የእንግሊዝ ጋምቤላ» የሚለው ስም ግዙፍ ነገር ያስመስለዋል እንጂ ልኩ ይኸው ነው።

ውሉ ኢታንግን ቢጠራም የተመረጠው ቦታ ከእሷ በላይ፣ ለደጋው ይበልጥ የቀረበው ጋምቤላ ሆነ። ወደቡና የጉምሩክ ጣቢያው በ1907 ተቋቋሙ። የእንግሊዝ ፍላጎት ግልጽ ነው፤ የምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና በጅቡቲ በኩል ለፈረንሳይ ከሚገባ በነጭ ዓባይ ወደ ካርቱም እንዲወርድ ነው። የምኒልክን ፍላጎት ግን ብዙ ሰው ያቃልለዋል። ውሉ በተፈረመበት ዓመት የጅቡቲ ባቡር ገና ድሬዳዋ ለመድረስ እየተቃረበ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። የጎሬ ቡና በአጋሰስ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያ ባቡር ወዳለበት ወርዶ ባሕር እስኪያይ ድረስ ያለውን ወጪ ያስሉት። ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ በር ላይ፣ ያውም ፈረንሳዮች ቁልፉን በያዙት በር ላይ ብቻ መተማመን አልፈለጉም። ሁለተኛ በር ከፈቱ። እኔ ነገሩን የማየው እንዲህ ነው፤ «ተታለሉ» ለሚለው አስተያየት እንግዳ ነኝ።

የቆላው ፀባይም አዲስ አልነበረባቸውም። በ1898 የኢሉባቦሩ ገዥ ተሰማ ናደው ሠራዊት አስከትለው ሶባት ከነጭ ዓባይ እስከሚገናኝበት ድረስ ዘልቀው ነበር። ከእነሱ ጋር ፈረንሳዮችና አንድ የሩሲያ መኮንን ነበሩበት። ሠራዊቱ ግን እዚያ ሊቆይ አልቻለም፤ ንዳድ መታው፤ ተመለሰ። የደጋ ወታደር ያን ቆላ አሸንፎ ሊይዘው እንዳልቻለ ምኒልክ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ አስተዳደሩ። ሱዳን ከ1899 ጀምሮ በስም የእንግሊዝና የግብጽ ጥምር ግዛት፣ በተግባር ግን የእንግሊዞች ነበረች። የጋምቤላ ጣቢያም መቀመጫውን ማላካል ያደረገው የላይኛው ናይል አውራጃ አንድ ክፍል ተደርጎ ይተዳደር ነበር። ከላይ አንድ እንግሊዛዊ ሹም ተቀምጧል፤ በመጀመሪያ ኢንስፔክተር፣ በኋላ ዲስትሪክት ኮሚሽነር ይባል ነበር። ከሥሩ ጸሐፊዎች፣ ፖሊሶች፣ የጉምሩክና የፖስታ ሠራተኞች አሉ። የጦር ሰፈር የለም፤ ውሉ ይከለክላላ። ያን ሁሉ ሥልጣን ይዞ የተቀመጠው ሹም ከግቢው ውጭ አንድ ሰው ሊያስር፣ አንድ ዳኝነት ሊሰጥ አይችልም። ከአጥሩ ማዶ የኢሉባቦር ወይም የሳዮ (የዛሬው ደምቢ ዶሎ) ገዥ ነው። ጎሬ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ይቀመጥ ስለነበር ለአገሬው ሹማምንት አቤቱታ ማቅረብ የእሱ ፋንታ ነው።

የሕጉ መደበላለቅ ራሱን የቻለ ትርኢት ነው። አንድ የግሪክ ነጋዴና አንድ የጎሬ ቡና ሻጭ በሚዛን ተጣሉ እንበል። ጠቡ ከአጥሩ ውስጥ ከሆነ የሱዳን ሕግ ነው፤ ኮሚሽነሩ ያየዋል። ያው ጠብ ቡሬ ላይ ቢሆን ኢትዮጵያዊው በአገሩ ዳኛ፣ ግሪኩ ደግሞ ኢትዮጵያ ከፈረንሳይ ጋር ባደረገችው በ1908ቱ የክሎቡኮውስኪ ውል መሠረት የውጭ ዜጎች ያገኙትን ልዩ ችሎት ይጠይቃል። ሁለት ሰዎች፣ አንድ ጆንያ፣ የጥቂት ቀናት መንገድ ልዩነት፣ ሁለት ሕግ። ብልህ ነጋዴ የት ቆሞ እንደሚጣላ ያውቃል።

ቋንቋውም እንደዚያው ነው። ኮሚሽነሩ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ጸሐፊዎቹና ፖሊሶቹ በዐረብኛ ይነጋገራሉ፤ ከደጋ የሚወርደው ነጋዴ ኦሮምኛና አማርኛ ይዞ ይመጣል፤ ሱቁ ግሪክኛ ይናገራል፤ ወንዙ ዳር ያለው መንደር የአኙዋ ነው። አንዲት ደረሰኝ ከእጅ ወደ እጅ እስክትደርስ በሦስት አፍ ትተረጎማለች። አስተርጓሚ በእንዲህ ያለ ቦታ ከሹሙ ቀጥሎ የሚፈራ ሰው መሆኑን ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

የከተማዋ ሀብት ግን ሹሙ ቢሮ ውስጥ አልነበረም፤ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ቡናው በበጋ ገብቶ ክረምትን ይጠብቃል። ከጥር እስከ ሰኔ አምስት ወር ነው። ያንን ሁሉ ጊዜ ገንዘቡ ተቀብሮ የሚቀመጥ ነጋዴ ከኋላው አበዳሪ ያስፈልገዋል። የአገሬው ነጋዴ ያን ያህል ትዕግሥት የሚገዛበት ካፒታል አልነበረውም፤ ዘመድና ደንበኛ ካርቱም ያለው ግሪክ፣ ሶርያዊና አርመን ግን ነበረው። የጋምቤላ ንግድ በእነሱ እጅ የወደቀው በተለየ ብልሃታቸው አይመስለኝም። አምስት ወር መጠበቅ ስለቻሉ ነው። የአቢሲኒያ ባንክም ይህንን አይቶ ጎሬና ደምቢ ዶሎ ቅርንጫፍ፣ ጋምቤላ ደግሞ ወኪል አኑሮ ነበር።

ገንዘቡን ቀረብ ብለው ይመልከቱት። የደጋው ሰው የሚያምነው ጠገራ ብርን፣ ማርያ ቴሬዛን ነው። ሱዳን ደግሞ በግብጽ ፓውንድና በፒያስተር ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ቡና ሻጩ ዋጋውን በጠገራ ይጠይቃል፤ ጉምሩኩ ሒሳቡን በፒያስተር ይጽፋል፤ በመካከል ያለው ሱቅ ከሁለቱም መንዛሪ ላይ ይበላል። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ነው። አንድ ሺህ ብር የተቀበለ ሰው 28 ኪሎ ብረት ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል ማለት ነው። ቆጠራውም እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። እያንዳንዱ ብር እየተገለበጠ ይታያል፤ በእቴጌዪቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥ ዘጠኝ ፍሬዎቹ አንድ በአንድ ካልተለዩ፣ ፊቷ ከተፋቀ፣ ድምፁ ድንጋይ ላይ ሲጣል ካልጠራ ይመለሳል። ሻጩ ተንበርክኮ ይቆጥራል፣ ጓደኛው ከጎኑ ደግሞ ይቆጥራል፣ ባለ ሱቁ ሙቀቱ እያቃጠለው ይጠብቃል። ሺህ ብር ተቆጥሮ ሲያልቅ ጥላ ቦታውን ለውጦ ነበር።

ቡናው በየመጣበት ስልቻ ተመዝኖ በጆንያ ይገለበጣል። ሚዛኑ በደጋ ፈረሱላ ነው፤ ፈረሱላው ደግሞ እንደየገበያው ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ወደ 17 ኪሎ ግራም ነው። ሁለት ገበያዎች መካከል ያለችው ያቺ ከፍ ዝቅ የማን ኪስ እንደምትገባ እርስዎም ይገምቱታል። ከቡና ሌላ ሰምና ቆዳ ይወርዳል። ወደ ላይ የሚወጣው ከሁሉ በላይ ጨው ነው። ቀድሞ ከሰሜን፣ ከአፋር በረሃ በአሞሌ መልክ እየዞረ፣ በየኬላው እየተቀረጠ ምዕራብ እስኪደርስ ዋጋው የሚሰቀለው ጨው አሁን ከሱዳን በጀልባ መጣ። ቀጥሎ አቡጀዲ ነው። አያትዎ ጨው ይዘው ተመለሱ ካሉ ሁሉም በትክክል የገጠመ ታሪክ ነው።

መንገዱን ግን ማቃለል አይገባም። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ጋምቤላ 526 ሜትር ላይ። ቡሬን አልፎ ሲወረድ አየሩ እንደ ብርድ ልብስ ይከብዳል። የሚጠብቅዎት ወባ ብቻ አይደለም፤ የቆላው ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ በቅሎውንና ፈረሱን ይጨርሳል። አጋሰሱን የሚወድ ነጋዴ ከቁልቁለቱ በታች ለሰው ተሸካሚ ያሸክማል። እዚህ ላይ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ጊዜ ዝም የሚሉበት ነገር አለ፤ ያ ሁሉ «የወደብ ንግድ» የሚባለው በመጨረሻዎቹ ቀናት መንገድ ላይ በሰው ጀርባ የተሸከሙት ንግድ ነው።

ስለ ዕለታዊ ኑሮ ጠይቀዋል። ከተማዋ ሁለት ኑሮ ነበራት። በክረምት ካርቱም ድረስ 1,366 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የውኃ መንገድ መርከብ በወር ሁለት ጊዜ ይመላለስ ነበር። ቁልቁል ሰባት ቀን፣ ሽቅብ አሥራ አንድ ቀን ይፈጃል። ስሌቱን ካደረጉት በአንድ ክረምት የሚመጣው መርከብ በጣት የሚቆጠር ነው፤ አሥር ቢሆን ነው። እንፋሎት መርከቡ የሚነዳው በማገዶ ነበር፤ በየጣቢያው እየቆመ እንጨት ይጭናል፤ ጀልባዎቹን በጎንና በጎን አስሮ ይጎትታል። በደረሰበት ቀን ከተማዋ በአንድ ጊዜ ትነቃለች። ጨው ይወርዳል፣ ቡና ይጫናል፣ ፖስታ ይከፈታል፤ የወር ጋዜጣ በአንድ ሌሊት ይነበባል። ካፒቴኑ ደግሞ ዓይኑን ከወንዙ አይነቅልም። በጥቅምት ውኃው ሲሸሽ አንድ ሳምንት ዘግይቶ የተነሳ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሊከርም ይችላል። ያን ጊዜ የጭነቱን ዋጋ የሚወስነው ካርቱም ያለው ገበያ መሆኑ ይቀርና ደጋ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ይሆናል።

በጋው ሌላ ነው። ከየካቲት ጀምሮ ሙቀቱ ይበረታል፤ በመጋቢት ቴርሞሜትሩ 40 ዲግሪ ይነካል፣ ያልፋልም። እኔ ራሴ ጋምቤላን መጀመሪያ ያየኋት በመጋቢት ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የመዝገብ ወረቀት ስገለብጥ ላቤ ቀለሙን አጥቦት ማስታወሻዬን ሁለተኛ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ያን ጊዜ ያ ኮሚሽነር ሸሚዙን ቆልፎ፣ ኪኒን ውጦ፣ ማንም መርከብ በማይመጣበት ወደብ ላይ የጉምሩክ መዝገብ ሲያመዛዝን ታየኝ። ሥራው በእርግጥም መዝገብ ነበር፤ ማን ስንት አስገባ፣ የማን መጋዘን ውስጥ ስንት ፈረሱላ አለ፣ ማን ማንን ከሰሰ። ፋሲካ የሚውለው በዚህ በሞተው ወቅት ነው። የግሪኮቹ ፋሲካና የእኛ ፋሲካ አንድ ቀን ስለሚውል በዚያ ቀን ሱቁም መጋዘኑም አብሮ ይዘጋል። ወንዙ ዳር ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ግን በጋ ክረምት የላቸውም፤ አዞውም እንደዚሁ። ከእንግሊዞቹ መሄድ አሥር ዓመት በኋላ በ1966 እንኳ እዚያው ጋምቤላ ውስጥ ሲዋኝ የነበረ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል በአዞ ተበልቷል።

ወደቡ የሚያመጣው ዕቃ ብቻ አልነበረም። በ1919 የኅዳር በሽታ የተባለው የዓለም ወረርሽኝ ምዕራቡን ሲያምስ ሱዳን ውስጥ ሶባት ዳር ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በሳዮው ገዥ ጥሪ ወደ ደምቢ ዶሎ የወጣው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ኋላ አዲስ አበባ ድረስ የሄደ ታሪክ ሆነ፤ ያ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ስለ አገሩ ሰዎች ሳልናገር ብዘጋው ይቅር አልባልም። ጋምቤላ ላይ ወደቡ ከመቆሙ በፊትም አኙዋ ነበሩ፤ እያንዳንዱ መንደር በኩዋሮው፣ ማለትም በአለቃው፣ ይመራል፤ ወደ ምሥራቅ የሚገፉት ኑዌሮችም ጎረቤትና ተቀናቃኝ ነበሩ። በ1902 የተሠመረው ድንበር ሁለቱንም ሕዝቦች ለሁለት ከፈላቸው። አኙዋዎቹ የዝሆን ጥርስ ደጋ አውጥተው በጠመንጃ ይለውጡ ነበር፤ በተለይ በዚያ ጊዜ በአገራችን ሁሉ በሞላው በውጅግራ። ያ ለውጥ የሚካሄደው ከአሥሩ ጋሻ ውጭ ነው። ስለዚህ የጋምቤላው ሹም ጠመንጃው ሲያልፍ ቢሰማም እጁ አይደርስም። ውጤቱ መጋቢት 1912 ላይ ታየ። የሱዳን መንግሥት በአኩዌይ የሚመሩትን አኙዋዎች ሊያስገብር ሠራዊት ላከ፤ አዶንጋ ላይ ውጅግራው መለሰለት፤ ሁለት እንግሊዛውያን መኮንኖችና ብዙ ወታደሮች ሞቱ። ለንግድ ጣቢያ የተሰጠች መሬት ለጦር አትሆንም የሚለው የውሉ ቃል የእንግሊዞቹን እጅ ምን ያህል እንዳሰረ ከዚህ ይገባዎታል።

ጦርነቱ ግን በመጨረሻ እዚያም ደረሰ። በ1936 ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የሚመራው ጊዜያዊ መንግሥት የተቋቋመው ጎሬ ላይ ነበር፤ ራስ እምሩም እዚያ ደረሱ። ጎሬ የተመረጠችበት አንዱ ምክንያት ከኋላዋ ያ የወንዝ በር ስላለ ይመስለኛል። በሩ ግን ስንቅም ጥይትም አላመጣም። ጋምቤላን ከጣሊያኖች ያስለቀቋት በመጋቢት 1941 እንግሊዞች አልነበሩም፤ በናይልና በሶባት በኩል የመጡት የቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮች ናቸው። ከዚያ ወደ ሳዮ ወጡ። ጄኔራል ጋዜራ እዚያ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። የኮንጎ ወታደር ወለጋ ውስጥ የጣሊያን ጄኔራል ማረከ ብሎ ለተማሪ መንገር ደስ የሚለኝ ነገር ነው፤ የሚያምነኝ ግን ሁልጊዜ አላገኝም።

ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ተመለሱ፤ ወደቡ ግን የቀድሞውን አላገኘም። ጣሊያኖች የጠረጉት የመኪና መንገድ ቡናውን ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ መሳብ ጀምሮ ነበር። መኪና ክረምት አይጠብቅም፤ አምስት ወር ገንዘብ አይቀብርም። የውሉ ፍጻሜም ራሱ ውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበር። ሱዳን በጥር 1956 ነጻ ስትወጣ «በእንግሊዝና በግብጽ መንግሥት ሥር እስካለች ድረስ» የሚለው ሐረግ ሥራውን ጨረሰ፤ በዚያው ዓመት ጋምቤላ ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ጥይት አልተተኮሰም፤ ካሳም አልተጠየቀም። ለ54 ዓመታት ያገለገለ የኪራይ ውል በአንድ ሐረግ ተዘጋ። የቃላቱን ጥንቃቄ የማን ጸሐፊ እንዳሰበበት ባላውቅም አደንቀዋለሁ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። አያትዎ ያቆዩት ሳጥን ካለ ይፈትሹት። ከጋምቤላ የተላከ ደብዳቤ ቢገኝ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ቢጻፍም የሱዳን ቴምብር ነው የሚኖርበት፤ ሱዳን ከ1898 ጀምሮ በምታወጣው ቴምብር ላይ በግመል የሚጋልብ ፖስተኛ አለ። ማኅተሙ ላይ የቀኑን ወር ያንብቡ። ሰኔና ጥቅምት መካከል ከሆነ በመርከብ ሄዷል። የበጋ ወር ከሆነ ግን ከአጥሩ ጥግ ሆነው አያትዎ ያዩዋት ያቺው ደረቅ ጋምቤላ ናት፤ ከተቻለ የኤንቨሎፑን ፎቶግራፍ ላኩልኝ።